«ሥራ የለኝም» የምትል ነፍሰ ጡር ስንት ሰዓት ትሠራለች?

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ለቡ የእርሻ መሬት የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ዛሬ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ቪላዎች ተሠርተውበታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የመንገደኞች ጣቢያም በዚሁ አካባቢ ይገኛል። ከተማውና ገጠሩ በሚገናኙበት በዚህ ዓይነት ሥፍራ፣ ላም የምታልብና ኩበት የምትጠፈጥፍ ነፍሰ ጡር ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛ ጀርባ ከምትውል የቢሮ ሠራተኛ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የእርግዝና ክትትል ተራቸውን ሊጠብቁ ይችላሉ።

ለሁለቱም «የአካል እንቅስቃሴ ያደርጋሉ ወይ?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብላቸው፣ የመጀመሪያዋ «ኧረ እኔ ምን እንቅስቃሴ አለኝ፤ ቤት ነው የምውለው» ልትል ትችላለች። ሁለተኛዋ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን እስከ ታክሲ ማቆሚያ መሄዷን አስባ «አዎ፣ በእግሬ እሄዳለሁ» ትላለች። ሁለቱም አልዋሹም። ይሁን እንጂ መልሱን እንዳለ የመዘገበ ባለሙያ፣ ጎንበስ ቀና ስትል የዋለችውን «ይንቀሳቀሱ»፣ ተቀምጣ የዋለችውን ደግሞ «በዚሁ ይቀጥሉ» ብሎ ይሸኛል። ምክሩ ለሁለቱም የተገላቢጦሽ ሆነ ማለት ነው።

የዚህ ስህተት ዋጋ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ የሚከለክል የጤና እክል የሌለባቸው ነፍሰ ጡሮች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ መክሯል። ይህም በእርግዝና ጊዜ የሚከሰተውን የስኳር በሽታና ከመጠን ያለፈ የክብደት ጭማሪን ለመከላከል ይረዳል። ለቢሮ ሠራተኛዋ የሚያስፈልጋት ይኸው ነው። በሌላ በኩል የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 በጋራ ባወጡት ዘገባ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን 85፣ በመካከለኞቹ 285፣ በመጨረሻዎቹ ደግሞ 475 ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ ምግብ እንደሚያስፈልጋት ተመልክቷል። ሥራው ሳይቀንስ ምግቡም ሳይጨምር ከቀረ፣ እናቲቱ ጉድለቱን የምትሞላው ከራሷ አካል ነው። ለዚህችኛዋ የሚያስፈልጋት ተጨማሪ እንቅስቃሴ ሳይሆን እረፍትና ምግብ ነው።

መልሱ ከእውነታው የሚርቅባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው የቃሉ ትርጉም ነው። «እንቅስቃሴ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ስፖርት ነው፤ «ሥራ» ሲባልም ደመወዝ የሚከፈልበት ነው። ሊጥ ማቡካት፣ እንጀራ መጋገር፣ ልብስ በእጅ ማጠብ፣ ልጅ አዝሎ ገበያ መውጣት ግን ከሁለቱም ሳይቆጠሩ ይቀራሉ። ውሃ በተቋረጠ ጊዜ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ እስከ አራተኛ ፎቅ ደረጃ የሚወጣ ሰው 20 ኪሎ ያህል ጭነት ተሸከመ ማለት ነው፤ ሆኖም ይህን እንቅስቃሴ ብሎ የሚያስመዘግብ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው የጊዜ አቆጣጠር ነው። የቤት ውስጥ ሥራ ተጀምሮ የሚያልቅበት የታወቀ ሰዓት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙ አገሮች ያዘጋጀውና በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ምክንያቶች ጥናት ጥቅም ላይ የዋለው መጠይቅ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ያለማቋረጥ የተሠራውን ነበር የሚጠይቀው። አምስት ደቂቃ አንዱን፣ አምስት ደቂቃ ሌላውን እያለች የምትውል ሴት በዚህ ሚዛን ሥራዋ ይቀልባታል። የ2020 መመሪያ የ10 ደቂቃውን ገደብ ትቶ ማንኛውም እንቅስቃሴ እንዲቆጠር አድርጓል።

ሦስተኛው ይሉኝታ ነው። ጠያቂው ነጭ ጋውን የለበሰ እንደሆነ ተጠያቂው ጥሩ መስሎ የሚታየውን መልስ ይሰጣል። አንዳንዷ እንዳትወቀስ የተሸከመችውን ሸክም ትደብቃለች፤ ሌላዋ እንዳትገሠጽ ያልሄደችውን መንገድ ትጨምራለች። አራተኛው እርግዝናው ራሱ ነው። በሦስተኛው ወር ቀላል የነበረ መንገድ በስምንተኛው ወር ትንፋሽ ያሳጥራል፤ በመሆኑም ሴቲቱ የሄደችው ያው ሆኖ ሳለ የበለጠ እንደሠራች ሊሰማት ይችላል።

ችግሩ በአገራችን ብቻ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ለነፍሰ ጡሮች ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ መጠይቅ ይፋ ሆኗል። መጠይቁ 32 ዓይነት ተግባራትን በስም እየጠራ የሚጠይቅ ሲሆን፣ የቤት ሥራና ሕፃን መንከባከብም ተካተውበታል። በ54 ነፍሰ ጡሮች ላይ በተደረገው ፍተሻ፣ ሴቶቹ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ አክሰሌሮሜትር የተባለ መሣሪያ ለ7 ቀናት ታጥቀው ነበር። ያው መጠይቅ ሁለት ጊዜ ሲቀርብ መልሶቹ በአብዛኛው ተመሳሰሉ፤ ተዛምዶው 0.78 ነበር። ከመሣሪያው ጋር ሲነጻጸር ግን የአጠቃላይ እንቅስቃሴው ተዛምዶ ከ0.08 እስከ 0.43 ብቻ ሆነ። አንድ ሰው ደጋግሞ አንድ ዓይነት መልስ መስጠቱ መልሱ ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫ እንደማይሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዝቅተኛ ተዛምዶ የታየው ደግሞ ቀላል በሚባሉት ተግባራት ላይ ነው።

መሣሪያውም ቢሆን እንከን አለው። ወገብ ላይ የታጠቀ አክሰሌሮሜትር የሰውነትን ውዝዋዜ እንጂ በጀርባ ያለውን ሸክም አይመዝንም፤ ተቀምጣ በእጇ ልብስ የምታሽ ሴትም በእርሱ ዘንድ ሥራ ፈት ናት። እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ስልክም ጠረጴዛ ላይ ከዋለ የሚመዘግበው ነገር አይኖርም። ስለሆነም መሣሪያው የተጠያቂዋን ቃል ያግዛል እንጂ አይተካውም።

የአባትየውም ቃል እንዲሁ ሊመረመር ይገባዋል። ብዙውን ጊዜ ባል ከቤት ሲወጣ ሚስቱ ተኝታ ትቶ፣ ሲመለስ ቡና አቅርባ ያገኛታል፤ በመካከል የተሠራውን ስላላየ «አሳርፌያታለሁ» ብሎ ከልቡ ይናገራል። እርሱም ስለ ራሱ ሲጠየቅ «አግዛታለሁ» ማለቱ በቂ አይደለም፤ ትናንት ውሃውን ማን አመጣ፣ ልብሱን ማን አጠበ ተብሎ ቢጠየቅ የተሻለ መልስ ይገኛል። ባልና ሚስት ለየብቻ ተጠይቀው መልሳቸው ቢለያይ፣ ልዩነቱ ራሱ ስለ ቤቱ የሥራ ክፍፍል የሚናገረው አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ሲኖራት፣ የአባት ፈቃድ 3 ቀን ነው። የቤቱ ሥራ ግን ለማንም ፈቃድ አይሰጥም።

ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና ለቤተሰብ የሚጠቅመው የአጠያየቅ ዘዴ ከባድ አይደለም። «በሳምንት ስንት ደቂቃ?» ከማለት ይልቅ «ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ ምን ሠሩ?» ብሎ መጀመር ይሻላል። ቀኑን በቁርስ፣ በቡና፣ ልጆች ከትምህርት ቤት በሚመለሱበት ሰዓት እየከፈሉ መሄድ ትዝታን ይቀሰቅሳል። ከሥራ ቀን ሌላ የገበያ ቀንና የበዓል ዋዜማም መጠየቅ አለባቸው። ተግባሩን በስሙ መጥራት፣ ሸክሙን በጀሪካን መለካት፣ የጉልበቱን መጠን ደግሞ በትንፋሽ መለየት ይቻላል። እየሠሩ መነጋገር የሚቻል፣ መዝፈን ግን የማይቻል ከሆነ እንቅስቃሴው መካከለኛ ነው፤ ጥቂት ቃላት ተናግሮ ትንፋሽ የሚያቋርጥ ከሆነ ከባድ ነው። ከሁሉም በላይ «ስንት ሰዓት ያርፋሉ? ሲያርፉስ ሥራውን ማን ይይዛል?» የሚለው መረሳት የለበትም።

ይህ ጥያቄ በየሦስት ወሩ ቢደገም መልካም ነው፤ የእርግዝናው ወር ሲገፋ ሥራውም አቅሙም ይለወጣልና። ደም መፍሰስ፣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ማዞር፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የማያቋርጥ የሆድ ቁርጠት የተሰማት ነፍሰ ጡር ግን ጥያቄና መልስ ሳትጠብቅ የያዘችውን ሥራ አቁማ ወዲያውኑ በአቅራቢያዋ ወዳለው ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባታል።