የሚያልቀውና የማያልቀው

ስልክ የሚጠግን ሰው ስለ ተማሪ መምህሩ የማያየውን ያያል። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣ ልጅ «ቻርጅ አልይዝ አለኝ» ብሎ ስልኩን ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጥ፣ ባትሪውን ከመቀየሬ በፊት እሱ እያየ ሴቲንጉን ከፍቼ ኃይሉን የትኛው መተግበሪያ እንደበላው እመለከታለሁ። ጥፋቱ የባትሪው ይሁን የአጠቃቀሙ የሚለየው እዚያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዝርዝሩ አናት ላይ የቪዲዮ ማጫወቻ ወይም ፌስቡክ ይገኝ ነበር። አሁን ቲክቶክ ነው፤ ከሥሩ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ይከተላሉ። ፒዲኤፍ ማንበቢያው ካለም ጭራ ላይ ነው። (በእርግጥ ፒዲኤፍ ባትሪ አይበላም፤ ይህን ያህል እንኳ ፍትሐዊ ልሁን።)

ሱቄ ባለባት በከሚሴ ዩኒቨርሲቲ የለም። ከዚህ ከከተማው፣ ከባቲ፣ ከሰንበቴና ከጨፋ ሮቢት አሥራ ሁለተኛን የሚያልፉ ልጆች ወደተመደቡበት ይበተናሉ። የቀናው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ኮምቦልቻ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይገባል፤ ሌላው ደሴ፣ ሌላው ደብረ ብርሃን፣ ሌላው እናቱ ስሙን ብቻ የምታውቀው አገር። መናኸሪያ ከመውረዳቸው በፊት ባሉት ቀናት ሱቄ ይጨናነቃል። ይጨናነቅ ነበር ማለት ይሻላል። ሥራዬ ጥገና ብቻ አልነበረምና፤ ፊልምና ሙዚቃ በሚሞሪና በፍላሽ መጫንም ነበር።

ባለ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ይዞ የሚመጣ ልጅ ትእዛዙ ረጅም ነው። የኮሪያ ተከታታይ፣ ፕሪዝን ብሬክ፣ የሕንድ ፊልም፣ ቃና ቴሌቪዥን ከ2008 ጀምሮ ያስለመደን ዓይነት የቱርክ ድራማ፣ የአፋን ኦሮሞ ዘፈን፣ የሼህ መሐመድ አወል መንዙማ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሲኒየሮቹ የላኩለት የሞጁልና የወርክሺት ፎልደር። ያኔ ቦታ ይጠባል። ክርክሩም ይጀመራል።

«ጋሼ፣ ሲዝን ሦስትን አውጣውና ማትሱን አስገባልኝ።»

«ሲዝን ሦስት ከወጣማ አራትን ምን ታደርገዋለህ? ታሪኩ አይገባህም።»

«ወላሂ እውነትህን ነው። እንግዲያው አራትንም አውጣው።»

እንዲህ ዓይነት ክርክር ባንኮኒዬ ላይ ስንቱን ከሰዓት በልቷል። ያኔ እንደ ሥራ መጓተት አየው ነበር። አሁን ሳስበው ልጁ የመንፈቅ ዓመቱን መዝናኛ በጀት እየያዘ ነበር፤ ምን እንደሚያይ፣ ስለዚያ ሲል ምን እንደሚተው ራሱ ይወስናል። የጫነውም ያልቃል። ዶርም ውስጥ ስድስትም ስምንትም ሆነው ላፕቶፕ ላለው ልጅ አልጋ ላይ ተደራርበው ያዩታል፤ በዜንደር ከስልክ ስልክ ይቀባበሉታል፤ አልቆ ሲሰለቻቸው ደግሞ፣ ሌላ ምርጫ ስለማይኖር፣ ያ ማትስ የሚባለው ፎልደር ይከፈታል። ከኮምቦልቻ የሚመለሱት ልጆች የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው። ትምህርቱን ያስከፈተው ፊልሙ ማለቁ ነው።

መረብ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻን፣ ደሴንና ከሚሴን ሲያዳርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ንብረት ተዘረፈበት፤ ትምህርቱም ተቋረጠ። በ2015 ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ቀረ። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የሚመጣ ሃርድ ዲስክ የከተማችን ኢንተርኔት ሆነ። አዲስ ፊልም፣ የስልክ ሶፍትዌር፣ የመተግበሪያ ማሻሻያ፣ የመውጫ ፈተና መለማመጃ ጥያቄ፣ ሁሉም በዚያችው በአንዷ ሳጥን ይመጣል። በኩባም እንዲህ ያለ ነገር ለዓመታት ሲሠራበት እንደኖረ አንብቤያለሁ፤ «ኤል ፓኬቴ ሴማናል» ይሉታል። አንድ ቴራባይት ገደማ ፊልም፣ ሙዚቃ፣ መተግበሪያና የተቀዳ ድረ ገጽ በየሳምንቱ ተጠናቅሮ ከእጅ ወደ እጅ በመላ ደሴቲቱ ይዳረሳል። ኩባዎቹ ከእኛ የሚለዩት ሥርዓት ስላበጁለት ነው። እኛ ሹፌር ነበር የምንለምነው።

ዳታው ተመለሰ፤ የሌሊት ጥቅሉም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ እኔ ዘንድ የሚመጡት ስክሪን ሲሰበርባቸው ነው። እዚህ ላይ ምስክርነቴን በጥርጣሬ ተቀበሉኝ፤ ገቢዬን የወሰደብኝን ነገር ላመሰግነው አልችልም። ቢሆንም ከጥቅሜ ውጭ ሆኖ የሚታየኝ አንድ ልዩነት አለ። ቲክቶክ አያልቅም። ልጁ የሚያየውን አልመረጠም፤ ጣቱ በሚቆይበትና በሚያልፈው እየተጠና ይመረጥለታል። «በቃ፣ ጨረስኩ» የሚልበት ቦታ የለውም። አብሮት የሚያይም የለም፤ ስምንቱም በየአልጋቸው ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ እያንዳንዱ የየራሱን ያያል። ስለ ዲጂታል መዝናኛና ስለ ትምህርት ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ሰዓቱ ነው፤ ስንት ሰዓት አጠፉ፣ ስንት ሰዓት አነበቡ። እኔ የማውቃቸው ልጆች ድሮም ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ኮሪያ ላይ አፍጥጠው ያነጉ ነበር። ሰዓቱ ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው ማብቂያው ነው።

ስልኩን ብቻ መውቀስ ግን ሥራዬን አለማወቅ ይሆንብኛል። በዚያው ስልክ የሚመጣውን በጎ ነገርም የማትመው እኔ ነኝ። መንግሥት በ2016 ሐምሌ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የሚለውን ሥልጠና ከጀመረ ወዲህ ሰርተፍኬቱን በወረቀት ለማውጣት የሚመጡ ልጆች አሉ። ካልኩለስን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ በአጭሩ የሚያብራራ ቪዲዮ ከቴሌግራም አውርደው ለታናናሾቻቸው አስቀምጥልን የሚሉኝም አሉ። በእኛ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ብዙው ልጅ አንደኛ ደረጃን የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ገበያውና መንገዱ አማርኛም ኦሮሞኛም ይናገራል፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ እንግሊዝኛ ብቻ። ፊልሙን «ሰብታይትል ያለው ይሁን» ብለው የሚያዙኝ ልጆች ማምለጥ የፈለጉ አይመስለኝም። ጆሯቸውን ያሠለጥኑበታል። ከእነዚህ አንዷ የፋርማሲ ተማሪ፣ የመምህሯን እንግሊዝኛ መከታተል የቻለችው በሆስፒታል ድራማ መሆኑን ሳትሸማቀቅ ነግራኛለች።

በስልክ የሚደረገው የስፖርት ውርርድ፣ ቤቲንጉ፣ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ከመዝናኛ አልቆጥረውም። ወላጅ ከግቢው ካፌ ውጭ ለሚመገብ (ኖን ካፌ ለሆነ) ልጁ በቴሌብር የላከው የምግብ ገንዘብ ከአንድ ቅዳሜ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ሲያልፍ አላየሁም። ስለሱ ይህ ይበቃል።

ዩኒቨርሲቲዎቹስ? የሚታየኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ መዝጋት ነው፤ የግቢው ዋይፋይ ማኅበራዊ ሚዲያን ይከለክላል፣ ልጁ በቪፒኤን ያልፈዋል፣ ቪፒኤኑ ደግሞ ማስታወቂያውንና ቫይረሱን ጭኖ እኔ ዘንድ ያመጣዋል። ሌላው የተሻለ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከአገር ውስጡ ሻያሾኔ ጋር የጀመረው ኢ-ሺ የተባለው ፕሮጀክት የፍሬሽማን ኮርሶችን በዲጂታል መልክ እያዘጋጀ ነው። ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን በመረብ ላይ የተቀመጠ ኮርስና ቲክቶክ በአንድ የዳታ ጥቅል፣ በአንድ ስክሪን ላይ ሲገናኙ ማን እንደሚያሸንፍ የባትሪ ዝርዝሩ ነግሮኛል። ፉክክሩ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተናውን በኮምፒውተር ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ሲሆን፣ በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ያለፉት ከተፈተኑት 40 ከመቶ ገደማ ነበሩ።

እኔ ብጠየቅ፣ ኮርሱ ፊልሙ በሄደበት መንገድ ይሂድ እል ነበር። ግቢ ውስጥ፣ ከውጭ መረብ ጋር ሳይያያዝ የሚሠራ ሰርቨር ላይ ትምህርቱም ፊልሙም ይቀመጥ። ተማሪው ዳታ ሳያወጣ ወደ ስልኩ ይጫነው፤ የጫነውን ይዞ አገሩ ይግባ፤ ክረምቱን ከሚሴ ተቀምጦ ይክፈተው፤ ለታናሽ እህቱም በዜንደር ያሳልፍላት። ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም። ኪዊክስ በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ዊኪፔዲያን ሙሉውን ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ከተቻለ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ እጭናለሁ። ፊልሙ ለምን አብሮ ይቀመጣል የሚሉኝ መምህራን አሉ። ፊልም የሌለበትን ሰርቨር ማንም ተማሪ አይከፍተውም፤ ከዚህ የበለጠ ምክንያት የለኝም።

እርግጥ ነው፣ ፊልም የማን ነው የሚለው ጥያቄ ይመጣል። እኛ ጫኞቹ የምንሠራው በ1996 በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ፊት የሚያስመሰግን አይደለም፤ የአገራችን ዘፋኝና የፊልም ሠሪ እንጀራ በእኛ ባንኮኒ ላይ ቀጥኗል። ዩኒቨርሲቲ ግን እንደኛ መስረቅ የለበትም። ከአገር ውስጥ ባለሙያዎች ጋር ተነጋግሮ፣ ለተወሰነ ጊዜ ለተማሪ የሚታይበትን ፈቃድ በመጠነኛ ዋጋ ሊገዛ ይችላል። ለሠሪዎቹም ከእኔ ከሚያገኙት ይሻላቸዋል፤ ከእኔ የሚያገኙት ምንም ነውና።

አንድ የሙያ ነገር ልጨምር፤ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ልጆች የሚሰናከሉት እዚያ ነው። ባለፈው አንድ የባቲ ልጅ መምህሩ የቀረጸውን የ20 ደቂቃ ትምህርት ለጓደኞቹ እንድገለብጥለት በፍላሽ አምጥቶ ነበር፤ ፋይሉ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ነው። ግማሾቹ ስልኮች ቦታ የለንም ብለው እምቢ አሉ፤ የተቀበሉትም እየተቆራረጡ አስቸገሩ። እዚያው ፍላሽ ላይ የሁለት ሰዓት የሕንድ ፊልም፣ ዘፈኑም ጭፈራውም ሳይቀነስ፣ በ300 ሜጋባይት ተቀምጧል። ትምህርቱን በዚያው መጠን አሳንሼ ሰጠሁት፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል፣ ድምፁም ይሰማል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ላልቻለ የዩኒቨርሲቲ ባለሙያ በአንድ ከሰዓት አሳያለሁ፣ ሻይ ከጋበዘኝ ሒሳብም አልጠይቅም።