ቁልፉን የያዘው ማን ነው?

በአሜሪካ ገጠር የኬብል ሽቦ ያልደረሰለት ሰው በጓሮው ትልቅ ዲሽ ተክሎ የሳተላይት ቴሌቪዥን በነጻ ይመለከት ነበር። በጥር 1986 እ.ኤ.አ. ግን ኤች.ቢ.ኦ. የተባለው ጣቢያ ሥርጭቱን ቆለፈ፤ ለመፍቻው መሣሪያ 395 ዶላር፣ ለየወሩም 12.95 ዶላር ተጠየቀ።

ባለ ንብረት ዕቃውን ቢቆልፍ እኛ አንነቅፍም፤ ፊልም ሠሪውም እንጀራ ይበላል። ነገሩ የሚበላሸው የፕሮግራሙ ባለቤትና የኬብል ነጋዴው አንድ ሲሆኑ ነው፤ የኤች.ቢ.ኦ. ባለቤት ታይምም የኬብል ድርጅት ነበረው። እንዲህ ያለው ኩባንያ ፕሮግራሙን ለተወዳዳሪው ቢነፍግ ወይም በውድ ቢሸጥለት፣ ደንበኛው ሳይወድ ወደ ኬብል ይገባል።

ስለዚህ ኮንግሬስ በ1992 ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ቡሽ (አባትዬው ማለታችን ነው) አልፈርምም ቢሉም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ጸደቀ። ሕጉ ቁልፉን አልነካም፤ የኬብል ኩባንያ ድርሻ ያለበት የሳተላይት ፕሮግራም ለአንዱ ብቻ እንዳይሸጥ፣ በዋጋም አድልዎ እንዳይደረግ አዘዘ እንጂ።

ዳሩ ግን ሕጉ የሚለው “በሳተላይት” ነው። ኮምካስት የፊላደልፊያን የስፖርት ጣቢያ በምድር ሽቦ አስተላለፈና ለዲሽ ኩባንያዎች ሳይሸጥ ቀረ፤ ባለ ዲሹ የከተማውን ቡድን ጨዋታ በቤቱ ማየት ተሳነው። የጠበቆች ብልኀት ያስቃል፣ ያናድዳልም! ይህ ቀዳዳ የጠበበው በ2010 ነው። በ2012 ደግሞ አጠቃላዩ ክልከላ ጊዜው አልፎ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የመገናኛው ኮሚሽን እያንዳንዱን አቤቱታ ለየብቻው ይመለከታል። አቤት ማለት የተፈቀደውም ለአከፋፋዩ ኩባንያ ነው እንጂ ለተመልካቹ አይደለም።