የራስ ሪሲቨር ወይስ የኩባንያ ዲኮደር? ፕሮግራም ቀድተው ማየት ለሚፈልጉ የሂንዳዊያ ነዋሪዎች

በአዲስ አበባና በጅዳ መካከል የሰዓት ልዩነት የለም። በኢትዮጵያ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚተላለፈው ዜና በሂንዳዊያም በዚያው ሰዓት ይታያል። ይሁን እንጂ በዚህ ሰዓት ብዙው ሠራተኛ ቤቱ አይገኝም። ከዒሻ ሶላት በኋላ የሚደራው ገበያ የሱቅ ሠራተኛውን፣ ሹፌሩንና የምግብ ቤት ባልደረባውን እስከ እኩለ ሌሊት ያቆየዋል። በዚህም ምክንያት በጅዳም ሆነ በመካ ሂንዳዊያ በሚባሉት ሰፈሮች የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ፕሮግራሙን ቀድቶ በዕረፍት ሰዓታቸው የሚያሳያቸው መሣሪያ ይፈልጋሉ። ጥያቄው መሣሪያውን ገዝቶ የራስ ማድረግ ይሻላል ወይስ ከክፍያ ቴሌቪዥን ኩባንያ ዲኮደር መውሰድ የሚለው ነው።

ቴሌቪዥንን በሃርድ ዲስክ ላይ የሚቀዱ የቤት መሣሪያዎች ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ነው። ቲቮና ሪፕሌይ ቲቪ የተባሉት እነዚህ መሣሪያዎች የቪዲዮ ካሴትን አስቀርተው ፕሮግራምን በሰዓቱ በራሳቸው መቅዳት፣ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ያለውን ምስል ማቆምና ወደ ኋላ መመለስ አስቻሉ። ብዙም ሳይቆይ የኬብልና የሳተላይት ኩባንያዎች ይህንኑ አሠራር በራሳቸው ዲኮደር ውስጥ አስገቡት። በሳዑዲ ዓረቢያ የክፍያ ቴሌቪዥን በዋነኛነት የሚደርሰው በሳተላይት ዲሽ ወይም በፋይበር ኢንተርኔት ስለሆነ፣ ምርጫው ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ በሚቀበል የራስ ሪሲቨርና በደንበኝነት በሚሰጥ ዲኮደር መካከል ነው።

ከዋጋ በፊት መታየት ያለበት ቤተሰቡ የትኞቹን ጣቢያዎች እንደሚከታተል ነው። በሳተላይት የሚተላለፉ የአማርኛ ጣቢያዎች በአብዛኛው ክፍት ናቸው፤ ያለ ካርድና ያለ ወርኃዊ ክፍያ ይታያሉ። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ለረጅም ጊዜ ይታዩ የነበረው በናይልሳት አቅጣጫ፣ ማለትም በ7 ዲግሪ ምዕራብ አካባቢ ባሉ ሳተላይቶች ነበር። በ2019 የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ ኢ ኤስ ከተባለው የሳተላይት ኩባንያ ጋር በመተባበር ኢትዮሳትን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ አቋቋመ። ለጅዳና ለመካ ነዋሪ ይህ ለውጥ ተግባራዊ ትርጉም አለው። ከዚህ ሆኖ ሲታይ ናይልሳት ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ፣ ኢትዮሳት ደግሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ በመሆኑ አንድ ተራ ዲሽ ሁለቱንም ሊይዝ አይችልም። የዓረብኛም የአማርኛም ጣቢያ የሚፈልግ ቤተሰብ ሁለት ዲሽ ተክሎ በማከፋፈያ ስዊች ከአንድ ሪሲቨር ጋር ማገናኘት ይኖርበታል። ዲሹ ከመተከሉ በፊት የቤቱን ባለቤት ፈቃድ መጠየቅ፣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ደግሞ ሲግናሉ በዚያው ጣሪያ ላይ በትክክል መያዙን ቴክኒሻኑ በስክሪን እንዲያሳይ ማድረግ ተገቢ ነው።

የኩባንያ ዲኮደር ዋና ጥቅሙ የተቆለፉ ጣቢያዎችን በሕጋዊ መንገድ መክፈቱ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ የማስተላለፍ መብት ያለው ቢ ኢን ስፖርት ነው፤ ኦ ኤስ ኤን ደግሞ በፊልምና በተከታታይ ድራማ ይታወቃል። በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2020/21 የውድድር ዘመን ጀምሮ በሱፐር ስፖርት መተላለፍ ሲጀምር፣ ብዙ የእግር ኳስ ወዳጅ ወደ ዲ ኤስ ቲቪ ዲኮደር ፊቱን አዙሯል። እንግዲህ ኳስ ለሚከታተል ሰው ደንበኝነቱ ትርጉም ይኖረዋል። ዜና፣ ድራማና የበዓል ዝግጅት በአማርኛ ብቻ ለሚከታተል ቤተሰብ ግን ክፍት ለሆነ ጣቢያ በየወሩ መክፈል አላስፈላጊ ወጪ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የተቀዳው ፕሮግራም የማን ነው የሚለው ነው። በኩባንያ ዲኮደር የሚቀዳ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ተመሥጥሮ ስለሚቀመጥ ከዚያ ዲኮደር ውጪ አይከፈትም። ደንበኝነቱ ሲቋረጥ ቀደም ሲል የተቀዳውም አብሮ ሊዘጋ ይችላል። ዲኮደሩ በውሰት የተሰጠ ከሆነ ሲመለስ ቅጂው አብሮ ይሄዳል። በራስ ሪሲቨር ከክፍት ጣቢያ የተቀዳው ግን በባለቤቱ ፍላሽ ላይ ይቀራል። ነገር ግን አንዳንድ ሪሲቨሮችም የሚቀዱትን ቆልፈው ስለሚያስቀምጡ፣ ገዢው በሱቁ ውስጥ እያለ 5 ደቂቃ አስቀድቶ ፍላሹን በሌላ መሣሪያ ላይ ቢሞክር ከጸጸት ይድናል። ልጆቹ አማርኛ እንዲለምዱ የልጆች ፕሮግራም እየቀዳ ለሚያስቀምጥ ወላጅ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የመሣሪያውን አሠራር በተመለከተ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው የማስቀመጫው መጠን ነው። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መደበኛ ጣቢያ በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል፤ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ኤች ዲ ጣቢያ 3.6 ጊጋባይት ይወስዳል። በዚህ ስሌት 64 ጊጋባይት ፍላሽ ከመደበኛው ጣቢያ 35 ሰዓት ያህል ይይዛል። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው አሠራር ፎርማት ከተደረገ ግን አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት መብለጥ ስለማይችል፣ ረጅም ቅጂ ይከፋፈላል ወይም መሐል ላይ ይቋረጣል።

ሁለተኛው የሲግናል መቀበያው ብዛት ነው። አንድ መቀበያ ብቻ ያለው ሪሲቨር አንዱን ጣቢያ እየቀዳ በሌላ ሳተላይት ላይ ያለውን ሊያሳይ አይችልም። ባል ኳስ፣ ሚስት ድራማ በሚያዩበት ቤት ሁለት መቀበያ ያለው መሣሪያ መጠየቅ ያሻል። በርከት ያለ መቀበያ በብዛት የሚገኘው በኩባንያዎች የመቅጃ ዲኮደሮች ውስጥ በመሆኑ በዚህ ረገድ ብልጫው የእነርሱ ነው።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ሳተላይቱ ለሪሲቨሩ የሚልከው ዓለም አቀፉን መነሻ ሰዓት ስለሆነ፣ በማስተካከያው ውስጥ +3 ካልተሞላ መሣሪያው በ3 ሰዓት ተሳስቶ ሌላ ፕሮግራም ይቀዳል። በተጨማሪም ጣቢያው «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ሲል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ በሪሲቨሩ ላይ መሞላት ያለበት 20:00 ነው። ከብዙ ቤት የሚሰማው «ቀዳሁት ብዬ ባዶ አገኘሁ» የሚል ቅሬታ መነሻው ይኸው ሊሆን ይችላል።

ወጪን ለማነጻጸር የአንድ ወር ክፍያን ብቻ ማየት በቂ አይደለም። ለምሳሌ ወርኃዊ ክፍያው 60 ሪያል ቢሆን በ2 ዓመት 1,440 ሪያል ይሆናል። ከሐምሌ 2020 ጀምሮ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ስለሆነ፣ የተነገረው ዋጋ ታክሱን ካላካተተ ድምሩ 1,656 ሪያል ይደርሳል። በአንጻሩ ሪሲቨር፣ ዲስክና የተከላ ሥራ በድምሩ 500 ሪያል ቢያወጡ ክፍያው በአንድ ጊዜ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ብልሽት ሲያጋጥም ጥገናው በባለቤቱ ላይ መውደቁን ግን መዘንጋት አይገባም፤ ውሰት የተሰጠን ዲኮደር የመቀየር ኃላፊነት ግን እንደ ውሉ የኩባንያው ሊሆን ይችላል።

ውሉም ከዋጋው እኩል ትኩረት ይፈልጋል። ደንበኝነት የሚመዘገበው በኢቃማ ቁጥር ነው። በጓደኛ ኢቃማ የተመዘገበ ውል ዕዳ ቢያመጣ የሚጠየቀው ጓደኛው ነው። የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል የፈረመ ሰው ከጊዜው በፊት በመጨረሻ መውጫ ቪዛ ወደ ሀገሩ ቢመለስ ወይም ሰፈር ቢቀይር ምን እንደሚከፍል አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ ለሂንዳዊያ ነዋሪ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በ2021 መጨረሻ ተጀምሮ በ2022 በቀጠለው የጅዳ ነባር ሰፈሮች ማስወገድ ሂንዳዊያ ከተካተቱት አንዷ ነበረች። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ዲሽና ሪሲቨር ተነቅለው ወደ አዲሱ ቤት ይሄዳሉ፤ በፋይበር መስመር ላይ የተመሠረተ አገልግሎት ግን አዲሱ ሕንፃ መስመር ከሌለው አብሮ አይሄድም። ውሉ በዓረብኛ ብቻ ከሆነ፣ ከመፈረም በፊት ስለ ውል ማቋረጥ የሚናገረውን አንቀጽ በሚታመን ሰው ማስነበብ ያስፈልጋል። አለመግባባት ሲፈጠር ቅሬታው መጀመሪያ ለኩባንያው በጽሑፍ ቀርቦ የቅሬታ ቁጥር መያዝ ይገባል።

«ሁሉንም ጣቢያ በአንድ ክፍያ ይከፍታል» እየተባለ በርካሽ የሚሸጥ ሳጥን ሦስተኛ አማራጭ ተደርጎ መታየት የለበትም። የተቆለፉ ጣቢያዎችን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መክፈት የባለቤትነት መብትን የሚጥስ ተግባር ነው። ከዚህም ባሻገር አገልግሎቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲዘጋ ገንዘቡን የሚመልስ አካል አይገኝም፤ ደረሰኝ የሌለው ገዢም መብቱን ለማስከበር የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም።

በአጠቃላይ ክፍት የአማርኛ ጣቢያዎችን ለሚከታተልና የሚቆይበትን ጊዜ ወይም የሚኖርበትን ቤት እርግጠኛ ላልሆነ ሠራተኛ የራስ ሪሲቨር ይመረጣል። ኳስ ወይም የተቆለፉ የፊልም ጣቢያዎች ለሚፈልግ፣ ኢቃማውና አድራሻው ለተረጋጋ ቤተሰብ የኩባንያ ዲኮደር ዋጋውን ሊያወጣ ይችላል። ሁለቱንም የሚሹ ቤተሰቦች አሉ። እነርሱም የአማርኛውን በራሳቸው ሪሲቨር እየቀዱ፣ ደንበኝነቱን ውድድር ባለባቸው ወራት ብቻ መግዛት ይቻል እንደሆነ ኩባንያውን ቢጠይቁ ለቤተሰብ ከሚላከው ገንዘብ ላይ የሚነሳው ወጪ ይቀንስላቸዋል።