የአቅጣጫ ጠቋሚ ሳተላይቶች ምልክት ከምድር በላይ እስከ ምን ከፍታ ይደርሳል?

የጂፒኤስ አገልግሎት በእጅ ስልክ መንገድ ከማሳየትና የመሬት ይዞታን ከመለካት ባሻገር፣ በህዋ የሚገኙ መንኩራኩሮች ያሉበትን ቦታና ትክክለኛውን ሰዓት እንዲያውቁ ያስችላል። ምስል ያነሣው ሳተላይት በዚያች ቅጽበት የት እንደነበረ በትክክል ካልታወቀ፣ በምስሉ ላይ የታየው ጎርፍ ወይም ሰደድ እሳት የትኛውን ቀበሌ እንዳገኘ ለይቶ ማወቅ አዳጋች ይሆናል።

አሠራሩ

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይዞራሉ። ተቀባዩ መሣሪያ ምልክቱ ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ በመለካት ርቀቱን ያሰላል። በጊዜ ልኬቱ ላይ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት ቢፈጠር፣ የርቀቱ ስሌት በ300 ሜትር ያህል ይዛባል። ቦታንና ሰዓትን በአንድነት ለማወቅም በአንድ ጊዜ ቢያንስ የ4 ሳተላይቶች ምልክት ያስፈልጋል።

እስከ 3,000 ኪሎ ሜትር

በዚህ ከፍታ ያለው ሽፋን በምድር ገጽ ላይ ካለው ጋር ተቀራራቢ ነው። በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. ወደ ህዋ የተላከችው የኢትዮጵያ የምድር ምልከታ ሳተላይት ኢትአርኤስኤስ-1 ምሕዋር ከ600 ኪሎ ሜትር በጥቂት የሚበልጥ በመሆኑ፣ በዚህ ክልል ውስጥ ይመደባል።

ከ3,000 እስከ 36,000 ኪሎ ሜትር

የሳተላይቶቹ አንቴናዎች ወደ ምድር የተመለሱ በመሆናቸው፣ ከእነርሱ በላይ የሚገኝ መንኩራኩር በቅርቡ ያሉትን ሳተላይቶች ከጀርባቸው ያያል። ስለሆነም በዋናነት የሚደርሰው፣ ከምድር ማዶ ካሉ ሳተላይቶች ተነሥቶ የምድርን ጠርዝ ታክኮ የሚያልፈው ምልክት ብቻ ነው። አብዛኛውን ምድር ራሷ ትጋርደዋለች፤ የሚያልፈውም ከርቀቱ የተነሣ የደከመ ነው። በመሆኑም 4 ሳተላይቶችን በአንድ ጊዜ ማግኘት ብዙ ጊዜ አይቻልም።

ይህን ችግር ለመፍታት ደካማ ምልክትን የሚለዩ ተቀባዮች፣ እንዲሁም ምልክት በሚቋረጥበት ጊዜ የመንኩራኩሩን ጉዞ በስሌት የሚከታተሉ ሥርዓቶች ጥቅም ላይ ውለዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ህዋ የተላከው የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ጎስ-16 በ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ በጂፒኤስ የተጠቀመው በዚሁ መንገድ ነው።

እስከ ጨረቃ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የናሳና የጣሊያን የህዋ ኤጀንሲ የጋራ መሣሪያ የሆነው ሉግሬ፣ በጨረቃ ገጽ ላይ ሆኖ የጂፒኤስንና የአውሮፓውን ጋሊሊዮ ምልክቶች ተቀብሏል። የሁለቱን ሥርዓቶች ምልክት አጣምሮ መጠቀም የሚታዩትን ሳተላይቶች ቁጥር ስለሚያበዛ፣ ሽፋኑ በሳሳበት ከፍታ ጥቅሙ የጎላ ነው።

ለተገልጋዮች

በህዋ የሚታየው መርሕ በምድርም ላይ ይሠራል። ምልክቱ በሕንፃ፣ በገደል ወይም ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ከተጋረደ የልኬቱ ትክክለኛነት ይቀንሳል። ስለዚህ የይዞታ ልኬት በጂፒኤስ መሣሪያ በሚከናወንበት ጊዜ መሣሪያው ሰማይ በግልጽ በሚታይበት ሥፍራ መተከሉን ተገልጋዮች እንዲያስተውሉ ይመከራል።