ኩባንያው ሊገዛ ነው ሲባል፦ የናይሮቢ አነስተኛ ባለአክሲዮኖችና ጠቅልሎ የመግዛት ወሬ

ጠቅልሎ የመግዛት ጥያቄ ማለት አንድ ገዢ የአንድን ኩባንያ አመራር በእጁ ለማስገባት ሲል ለባለአክሲዮኖቹ ሁሉ «አክሲዮናችሁን በዚህ ዋጋ ሽጡልኝ» ብሎ በይፋ የሚያቀርበው ጥሪ ነው። ገዢው ብዙውን ጊዜ ከገበያው ዋጋ በላይ ይከፍላል፤ አለዚያ የሚሸጥለት አያገኝም። በናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ ይህን ጭማሪ አስበው፣ ጥሪው ገና ሳይመጣ አክሲዮን የሚሰበስቡ ብዙ አነስተኛ ባለሀብቶች አሉ። ሲገዙ የሚጠይቁት «ገዢ ይመጣል?» የሚለውን ብቻ ነው። ውጤቱን የሚወስኑት ግን ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ ገዢው ቢመጣ ጥሪው ለአነስተኛው ባለአክሲዮንም ይደርሳል? ቢደርስስ ዋጋው እሱ ከገዛበት ይበልጣል? (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዋጋዎቹም በኬንያ ሽልንግ ናቸው።)

ጉዳዩን የሚመራው ጠቅልሎ ስለመግዛት የወጣው የኬንያ የ2002 ደንብ ነው። በደንቡ መሠረት በገበያው ከተመዘገበ ኩባንያ 25 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ የሚይዝ ሰው ኩባንያውን በእጁ እንዳስገባ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ለቀሩት ባለአክሲዮኖችም የመግዣ ጥሪ ማቅረብ ይኖርበታል። ከ25 እስከ 50 በመቶ ያለው ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ ቢጨምር ያው ግዴታ ይመጣበታል። ሆኖም የኬንያ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ገዢውን ከዚህ ግዴታ ነፃ የማድረግ ሥልጣን አለው። በወሬ የሚገዙ ሰዎች ይህን የመጨረሻ ነጥብ ብዙ ጊዜ አያነሱትም፤ ገንዘባቸውን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ወሬ ሁሉ ባዶ አይደለም። ማንም ሰው ጋዜጣና የኩባንያ ሪፖርት አንብቦ ሊደርስበት የሚችል ግምት አለ። ጥሩው ምሳሌ ባምቡሪ ሲሚንቶ ነው። 58.6 በመቶውን የያዘው የስዊዘርላንዱ ሆልሲም በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ያለውን ንብረት እየሸጠ ሲወጣ ለዓመታት ታይቷል። ባምቡሪ ራሱ በ2024 መጀመሪያ ላይ የኡጋንዳውን ሂማ ሲሚንቶ ሸጦ ጨረሰ፤ ከዚያም ለባለአክሲዮኖቹ ልዩ የትርፍ ድርሻ ከፈለ። ይህን ያስተዋለ ሰው ቀጣዩ ተሸጭ ባምቡሪ ራሱ ሊሆን እንደሚችል ለመገመት የውስጥ አዋቂ አላስፈለገውም። በዚያው ዓመት ጁላይ የታንዛኒያው አምሶንስ ግሩፕ ለእያንዳንዱ አክሲዮን 65 ሽልንግ አቀረበ። ከጥሪው በፊት የነበረው የገበያ ዋጋ 45 ሽልንግ ስለነበር ጭማሪው 44 በመቶ ነው። መቶ አክሲዮን የነበረው ሰው 4,500 ሽልንግ የነበረው ሀብቱ በአንድ ማስታወቂያ 6,500 ሆነለት።

ትልቁ ትምህርት ግን ከዚያ በኋላ በመጣው ነው። በኦገስት ሳቫና ክሊንከር የተባለ የኬንያ ኩባንያ 70 ሽልንግ ይዞ ተወዳዳሪ ሆነ፤ ቆይቶም 76.55 አደረሰው። ይህን ያዩ ሰዎች ከ65 ሽልንግ በላይ እየከፈሉ መግዛት ጀመሩ፤ የዋጋ ፉክክሩ ይቀጥላል ብለው ነበር። ነገር ግን ሆልሲም ድርሻውን በ65 ሽልንግ ለአምሶንስ ለመሸጥ አስቀድሞ ቃሉን ሰጥቶ ነበር። ከግማሽ በላይ የሆነው ድርሻ ለአንዱ ገዢ ከታሰረ ሌላው ምንም ያህል ዋጋ ቢያቀርብ ኩባንያውን በእጁ ማስገባት አይችልም። በዲሴምበር ሳቫና ጥያቄውን አነሳ፤ አምሶንስም 96.54 በመቶውን ሰበሰበ። በ45 የገዛ አተረፈ፤ 76.55ን አምኖ ከ65 በላይ የከፈለ ከሰረ። የሁለቱም ግምት «ባምቡሪ ይሸጣል» የሚል ነበር፤ ሁለቱም ትክክል ነበሩ። የለያያቸው የገቡበት ዋጋና የትልቁ ባለድርሻ ውሳኔ ነው። የ65 ሽልንጉ ሰነድ ደግሞ የሆልሲምን ቃል በግልጽ የያዘ ስለነበር መረጃው ለሁሉም ክፍት ነበር።

ፉክክሩ እስከ መጨረሻ የሄደበት አጋጣሚም አለ። በኪሊፊ አውራጃ ቃጫ የሚያመርተው ሪያ ቪፒንጎ በ2013 መጨረሻ ከዋናው ባለድርሻው ከሪያ ትሬዲንግ የ40 ሽልንግ ጥሪ ቀረበለት። ሴንተም የተባለው የናይሮቢ ኢንቨስትመንት ኩባንያ በ50 ገባ። ሁለቱ እየተበላለጡ ሄደው፣ በ2015 ነገሩ ሲቋጭ ሪያ ትሬዲንግ 85 ሽልንግ ከፈለ። ሽኩቻው የፋብሪካውን ያህል ስለ ባሕር ዳርቻው መሬትም ነበር። በሂሳብ መዝገብ ዝቅ ብሎ የተጻፈ መሬት ያለው ኩባንያ በኬንያ የወሬ ማዕከል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አነስተኛው ባለሀብት የድሮውን የመሬት ዋጋ ከዛሬው ጋር አነጻጽሮ «ገዢ አይቀርም» ይላል። አንዳንዴ ልክ ነው። የመሬቱ ባለቤት ኩባንያው እንጂ ባለአክሲዮኑ ባለመሆኑ ግን፣ ገዢ እስካልመጣ ድረስ ያ ሀብት ወደ ኪሱ አይገባም።

ያልተሳካ ጥሪ ከተሳካው ያልተናነሰ ያስተምራል። ነዳጅ አከፋፋዩን ኬኖልኮቢልን ፑማ ኤነርጂ ሊገዛው መሆኑ በ2012 ሲነገር ብዙ ሰው ተሻማበት። ኩባንያው ግን በዚያው ዓመት ከ6 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ ከሰረ፤ ንግግሩም በ2013 ማርች ተቋረጠ። ወሬውን ተከትሎ የገዛው ሰው ገዢ የሌለው፣ ኪሳራ የተሸከመ ኩባንያ ይዞ ቀረ። ታግሦ የቆየው በኦክቶበር 2018 የፈረንሳዩ ሩቢስ ኤነርጂ 23 ሽልንግ ይዞ እስኪመጣ ከአምስት ዓመት በላይ ጠበቀ። ሩቢስ ከጥሪው በፊት የገዛው ድርሻ 24.99 በመቶ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም፤ ደንቡ ከሚያስገድድበት 25 በመቶ በ0.01 መቶኛ ነጥብ ብቻ ያነሰ ነው። በገበያው እንዲህ ያለ ቁጥር ሲታይ ገዢው ሕጉን አጥንቶ እንደገባና ቀጣይ እርምጃ ሊኖረው እንደሚችል መገመት ምክንያታዊ ነው።

የኬኖልኮቢል ሽያጭ ሌላም ነገር አስከተለ። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በነበሩት ቀናት ያልተለመደ ግዢ ስለታየ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣኑ ምርመራ ጀመረ፤ የተጠረጠሩ ሒሳቦችንም አገደ። ለሕዝብ ያልወጣ መረጃ ይዞ መገበያየት በኬንያ ወንጀል ነው። «የኩባንያው ሰው ነገረኝ» ብሎ የሚገዛ አነስተኛ ባለሀብት ከሁለት አንዱ ይደርስበታል፦ ወሬው ሐሰት ከሆነ ገንዘቡን ያጣል፣ እውነት ከሆነ ደግሞ ሕግ ይጥሳል። ከይፋ ሪፖርት የተነሣ ግምት ላይ ይህ የሕግ አደጋ የለም፤ ልዩነቱ ሊሰመርበት ይገባል።

ከዱቄት አምራቹ ኡንጋ ግሩፕ ታሪክም የሚወሰድ አለ። በ2018 የአሜሪካው ሲቦርድ ለአክሲዮኑ 40 ሽልንግ አቅርቦ ኩባንያውን ከገበያው ሊያስወጣ አሰበ። ብዙ ባለአክሲዮኖች «ከዚህ የበለጠ ያወጣል» ብለው እምቢ አሉ፤ ኡንጋም በገበያው ቀረ። በቀጣዮቹ ዓመታት ዋጋው ከ20 ሽልንግ በታች ወረደ። እምቢ ያሉት ስለ ኩባንያው ሀብት ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። ያልቆጠሩት፣ ዋናው ባለድርሻ የማይሸጥ ከሆነ ሌላ ገዢ በተሻለ ዋጋ የሚመጣበት በር እንደሌለ ነው።

የወሬን ዋጋ በሂሳብ ማየት ይቻላል። ያለ ወሬው 20 ሽልንግ የሚያወጣ አክሲዮን አለ እንበል፤ ገዢ ቢመጣ 30 ይከፍላል ይባላል። ገበያው ላይ 26 ከደረሰ፣ ገበያው ጥሪው የመምጣት ዕድሉን 60 በመቶ አድርጎ ቆጥሮታል ማለት ነው። በ26 የሚገዛው ሰው 4 ሽልንግ ለማትረፍ 6 ሽልንግ ለአደጋ ያጋልጣል። ለደላላና ለሌላው ክፍያ በየግብይቱ ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ ከተቀነሰና የተቆጣጣሪዎቹ ፈቃዶች እስኪሟሉ የሚያልፉት ወራት ከታሰቡ፣ ትርፉ የበለጠ ይቀጥናል። ወሬው የሁሉም መነጋገሪያ ከሆነ በኋላ የሚገባ ሰው በአብዛኛው የሚቆመው በዚህ የሂሳቡ ክፍል ነው።

ጥቂት አክሲዮን ብቻ በሚገበያይበት ኩባንያ ላይ ደግሞ ዋጋው ራሱ አይታመንም። በአቲ ሪቨር የሚገኘው ኢስት አፍሪካን ፖርትላንድ ሲሚንቶ 90 ሚሊዮን አክሲዮን አለው። መንግሥት፣ የማኅበራዊ ዋስትና ፈንዱ፣ ሆልሲምና ባምቡሪ ተከፋፍለው ከያዙት በኋላ ለተራው ሕዝብ የሚቀረው 6 በመቶ ገደማ ነበር። በ2024 መጀመሪያ ከ10 ሽልንግ በታች ይሸጥ የነበረው አክሲዮን፣ የሲሚንቶ ኩባንያዎች እጅ መቀያየር ሲጀምሩ ብዙ እጥፍ ወጣ። ጥቂት ፈላጊ ጥቂት አክሲዮን ላይ ሲረባረብ እንዲህ ይሆናል፤ መውጫ ሲፈለግ ግን ገዢው በዚያው ልክ ጥቂት ነው። በ2025 የሆልሲም 29.2 በመቶ ድርሻ ካላሃሪ ሲሚንቶ ለተባለ ኩባንያ እንደሚሸጥ ሲነገር የስምምነቱ ዋጋ 27.30 ሽልንግ ሆነ፤ ገበያው ላይ አክሲዮኑ ከዚያ በእጅጉ በልጦ ይሸጥ ነበር። ሽያጩ በፓርላማና በፍርድ ቤት ክርክር አስነሣ። ለአነስተኛው ባለአክሲዮን የወጣው እውነት ግን ቀላል ነው፦ «ትልቅ ገዢ ይመጣል» የሚለው ግምት ሠምሮም ትልቁ ገዢ ከገበያው ያነሰ ሊከፍል ይችላል።

ጥሪው በከፊል ብቻ የሚመጣበት ጊዜም አለ። የመጠጥ ኩባንያው ዲያጂዮ በቢራ አምራቹ ኢስት አፍሪካን ብሩወሪስ የነበረውን 50.03 በመቶ ድርሻ ወደ 65 ለማሳደግ በአክሲዮን 192 ሽልንግ አቀረበ፤ በ2023 ማርችም ፈጸመ። የሚፈልገው የተወሰነ ቁጥር ስለነበር ኩባንያው በገበያው ላይ ቆየ፤ ጥሪው ሲዘጋ ዋጋውን የሚደግፍ ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት መጨረሻ አክሲዮኑ ከ130 ሽልንግ በታች ነበር። እንዲህ ባለው ጥሪ ላይ ያልሸጠ ሰው ዕድሉ ያለፈው ያኔ ነው።

ጥሪው ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። በዲሴምበር 2025 የቴሌኮም ኩባንያው ቮዳኮም ከኬንያ መንግሥት የሳፋሪኮምን 15 በመቶ በአክሲዮን 34 ሽልንግ ሊገዛ መስማማቱ ይፋ ሆነ፤ ዋጋው በወቅቱ ከገበያው በላይ ነበር። ቮዳኮም ግን ለቀሩት ባለአክሲዮኖች ጥሪ የማቅረብ ሐሳብ እንደሌለውና ከግዴታው ነፃ መሆን እንደሚፈልግ አስታወቀ። ሳፋሪኮም በኢትዮጵያም ስለሚሠራ ዜናው በአዲስ አበባ በሰፊው ተወርቷል። በጃንዋሪ 2025 በተከፈተው የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ አክሲዮን መግዛት ለጀመረ ሰው የናይሮቢው ልምድ ቅርብ ነው፤ በተለይ መንግሥት ወይም አንድ ትልቅ ባለድርሻ በያዘው ኩባንያ ላይ ኩባንያውን በእጅ የሚያስገባ ድርሻ ዋጋና የተራው አክሲዮን ዋጋ አንድ እንደማይሆን አስቀድሞ ማወቁ ይበጃል።

ጥሪው ከተሳካ በኋላ የሚሆነው በሕግ የተቀመጠ ነው። በኬንያ የኩባንያዎች ሕግ ገዢው ጥሪ ካቀረበባቸው አክሲዮኖች 90 በመቶውን ካገኘ የቀሩትን በዚያው ዋጋ በግዴታ መግዛት ይችላል፤ እምቢ ያለውም ሆነ ዝም ያለው አክሲዮኑን ያስረክባል። ገዢው 90 በመቶ ሳይደርስ ኩባንያው ከገበያ ከወጣ ግን ያልሸጠው ሰው ገበያ የሌለው አክሲዮን ይይዛል፤ የትርፍ ድርሻ ቢኖርም መሸጫ ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ጥሪ ሲመጣ በቅድሚያ የሚነበበው ገዢው ኩባንያውን በገበያው ለማቆየት ወይም ለማስወጣት ያለው ሐሳብ፣ የሚፈልገው ዝቅተኛ መጠንና የመዝጊያው ቀን ነው፤ ሦስቱም በጥሪው ሰነድ ላይ ይጻፋሉ። ከወላጅ በወረሱት የወረቀት ምስክር ወረቀት አክሲዮን የያዙ ቤተሰቦች አድራሻቸውን ካላሳደሱ ሰነዱ ራሱ ላይደርሳቸው ይችላል። ለዓመታት ያልተጠየቀ አክሲዮንና የትርፍ ድርሻ በሕግ ወደ ኬንያ ያልተጠየቁ የፋይናንስ ሀብቶች ባለሥልጣን ይተላለፋል፤ ባለመብቱ ወይም ወራሹ ማስረጃውን ይዞ ከዚያ ማስመለስ ይችላል።