የበሶ ጭብጦ፦ ለተጓዥና ለአብነት ተማሪ የሚሆን ስንቅ

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በግሸን ደብረ ከርቤ ለሚከበረው በዓል ምእመናን ከሩቅ አገር ተነሥተው፣ አቀበቱን ወጥተው ይደርሳሉ። በመንገድ ዳር ጉልበቱ ዝሎ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ስንቅ ያልያዘው፣ ወይም ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ብቻ የያዘው ተጓዥ ነው። ስኳሩ ለጥቂት ጊዜ ያበረታና ወዲያው ይከዳል። አባቶቻችን ለዚህ በሶ ነበራቸው፤ ሰበካ ጉባኤያትም ለተጓዦችና ለአብነት ተማሪዎች በቀላሉ ሊያዘጋጁት ይችላሉ።

ገብሱ ተለቅሞ፣ በጥቂት ውኃ ርሶ ይቆላል፤ በሙቀጫ ተሸክሽኮ ገለባው ከተለየ በኋላ ዳግመኛ ተቆልቶ ይፈጫል። አስቀድሞ ስለ በሰለ እሳት አይሻም። በገብስ ውስጥ ያለው አሰር ምግቡ በሆድ ውስጥ ቀስ እያለ እንዲፈጭ ስለሚያደርግ ረኃቡ ይዘገያል። የገብስ ፕሮቲን ብቻውን ሙሉ ስላልሆነ የተቆላ የሽምብራ ዱቄት ይጨመርበታል። በኦሮሚያ የታወቀው ጭኮ በቅቤ ይለወሳል፤ በጾም ወራት ግን የቅቤውን ቦታ ኑግ ወይም ሰሊጥ ይይዛል።

መጠኑ ሦስት ኩባያ በሶ፣ አንድ ኩባያ የሽምብራ ዱቄት፣ ተቆልቶ የተወቀጠ አንድ ኩባያ ኑግ፣ አንድ ኩባያ ተኩል ማርና ጥቂት ጨው ነው። ማሩ ዕቃው በፍል ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ሲላላ ከዱቄቱ ጋር ይለወሳል፤ ተጨብጦ የሚፈረፈር ከሆነ የኑግ ዘይት በማንኪያ እየተጨመረ ይታሻል። ከዚያም እጅን በሳሙና ታጥቦ የሎሚ ፍሬ በሚያህል መጠን ማድበልበል ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው፤ ማር ውድ ነውና ውኃ ያበዙበታል። በውኃ የተለወሰ በሶ በዚያው ዕለት ሊበላ ይገባዋል፤ ካደረ ይኮመጥጣል፣ ይሻግታልም። ውኃውም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ለሁለትና ለሦስት ቀን መንገድ የሚሆነው ግን ያለ ውኃ፣ በማርና በዘይት ብቻ የተለወሰው ነው። የሻገተውን ጭብጦ ጠርጎ መብላት አይገባም። በኑጉ ፈንታ ኦቾሎኒ የሚጠቀሙ ወገኖችም የሻገተውን ፍሬ ለቅመው ይጣሉ፤ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋምና።

ማር ያለበት ምግብ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ እናቶች ሕፃናትን አዝለው ስለሚጓዙ ይህ በዕደላው ጊዜ በቃል ይነገር። የስኳር ሕመም ላለባቸው ያለ ማር፣ በኑግ ዘይት የተለወሰው ለብቻው ይዘጋጅላቸው።

ለአብነት ተማሪዎች ሲሆን ዝግጅቱን ለአንድ ሰው መተው አድካሚ ነው። ገብሱንና ኑጉን ከምእመናን በዓይነት ተቀብሎ፣ ቆልቶና አስፈጭቶ በደረቁ ማስቀመጥ፣ ልወሳውን ግን በየሳምንቱ ማድረግ ይሻላል። ዱቄቱ ክዳን ባለው ዕቃ ርጥበት በሌለበት ስፍራ ይቀመጥ። ጭብጦውም ትኩስ የሆነ ነገር ሳይነካው፣ በንጹሕ ጨርቅ ወይም ወረቀት ተጠቅልሎ በተማሪው አኮፋዳ ይገባል።