የልደታ ነዋሪ ቁጥር ከወሊድ ይልቅ በዝውውር ይወሰናል

ግንቦት 1 ቀን የልደታ ማርያም ዓመታዊ በዓል የሚከበርበት ዕለት ነው። ይኸው ዕለት በአገሪቱ የሥነ ሕዝብ ታሪክም ሥፍራ አለው፤ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ መነሻ ዕለት ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ የተካሄደው በ1987 እና በ1999 ዓ.ም ብቻ ነው። በደብሩ ስም የሚጠራው የአዲስ አበባው ልደታ ክፍለ ከተማ ምን ያህል ነዋሪ እንዳለው በቆጠራ የተረጋገጠው የመጨረሻ አኃዝም የ1999ኙ ነው።

በዚያ ቆጠራ መሠረት ክፍለ ከተማው 201 ሺህ 713 ነዋሪዎች ነበሩት። የቆዳ ስፋቱ 9 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 22 ሺህ የሚጠጋ ሰው ይኖር ነበር ማለት ነው። ለንጽጽር ያህል፣ በካሪቢያን ባሕር የምትገኘው ሴንት ሉሲያ ራሷን የቻለች አገር ስትሆን፣ 616 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት ይህች ደሴት የሕዝቧ ብዛት 180 ሺህ ገደማ ነው። ልደታ በሕዝብ ብዛት አንዲት ደሴት አገርን ይበልጥ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ጥግግት ከከፍተኛ የወሊድ መጠን የመጣ አይደለም። በ1997 ዓ.ም የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት እንዳመለከተው፣ በአዲስ አበባ አንዲት ሴት በመውለጃ ዘመኗ በአማካይ የምትወልደው 1 ነጥብ 4 ልጅ ነበር። በወቅቱ አገር አቀፉ አማካይ 5 ነጥብ 4 ነበር። በ2008 ዓ.ም በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት የአዲስ አበባው 1 ነጥብ 8፣ አገር አቀፉ ደግሞ 4 ነጥብ 6 ሆኖ ተመዝግቧል። አንድ ሕዝብ ያለ ተጨማሪ ፍልሰት ራሱን ለመተካት 2 ነጥብ 1 ያህል ልጅ በአማካይ ያስፈልገዋል። መዲናዋ ከዚህ መጠን በታች ከሆነች ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል።

ለዚህ የሚጠቀሱት ምክንያቶች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። በከተማዋ የሚኖሩ ሴቶች ከገጠር ሴቶች በብዙ ዓመታት ዘግይተው ያገባሉ። የትምህርት ዕድልና የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በአንጻራዊነት በቅርብ ያገኛሉ። ከሁሉም በላይ የቤት እጥረትና የኑሮ ውድነት ወጣቶች ጎጆ ለመውጣት የሚወስኑበትን ጊዜ ያራዝመዋል። ከአንድ ክፍል በማይበልጥ የቀበሌ ቤት ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ወጣት ትዳር መመሥረትን እንደሚያዘገይ መገመት አያዳግትም።

ታዲያ ከተማዋ እንዴት አደገች? በ1987 ዓ.ም 2 ሚሊዮን 112 ሺህ 737 የነበረው የአዲስ አበባ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም 2 ሚሊዮን 739 ሺህ 551 ደርሷል። የዕድገቱ ዋነኛ ምንጭ ከሌሎች አካባቢዎች የሚመጣው ሕዝብ ነው። ከነዋሪዎቿ ከግማሽ ብዙም ያላነሰው ከከተማዋ ውጭ የተወለደ ነው። በዚህም አዲስ አበባ ከባርቤዶስ ትለያለች። ያቺ የካሪቢያን ደሴት የወሊድ መጠኗ ከመተኪያው በታች ከሆነ አራት አሥርት ዓመታት ያለፉ ሲሆን፣ ልጆቿም ወደ ብሪታንያና ሰሜን አሜሪካ ሲፈልሱ ኖረዋል። በመሆኑም የሕዝብ ቁጥሯ 300 ሺህ ሳይሞላ በአረጋውያን ብዛት ትታወቃለች።

በልደታ ግን ሁለቱም ዓይነት ዝውውር ይታያል። ክፍለ ከተማው መጤዎችን ሲቀበል የኖረውን ያህል፣ ነባር ነዋሪዎቹን ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሸኝቷል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በልደታ የመልሶ ማልማት ሥራ ሲጀመር፣ በከፍተኛው ፍርድ ቤት አካባቢ የነበሩ የጭቃ ቤቶች ፈርሰዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የመንግሥት የሆኑ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ። ለተከራዮቹ ጋራ መኖሪያ ቤት ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት፣ ለባለይዞታዎች ደግሞ ካሳና ምትክ ቦታ ተሰጥቷል። በቦታው ጋራ መኖሪያ ቤቶችና የንግድ ሕንፃዎች ተገንብተዋል፤ በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በሠፈሩ ያልፋል።

ይህ ሁሉ ለውጥ የተከናወነው ከመጨረሻው ቆጠራ በኋላ ነው። ከ1999 ወዲህ ያሉት አኃዞች በትንበያ የተሰሉ ናቸው። ትንበያ የወሊድን፣ የሞትንና የፍልሰትን አዝማሚያ አስልቶ የሚቀርብ እንጂ፣ የትኛው ሠፈር እንደሚፈርስ አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችል አይደለም። በመሆኑም የሄደው ነዋሪ በነበረበት፣ የመጣው ደግሞ በሌለበት ሊታሰብ ይችላል። የትምህርት ቤት መማሪያ ክፍል፣ የጤና ጣቢያ መድኃኒት፣ የውኃ መሥመርና የአውቶቡስ ሥምሪት የሚታቀዱት በዚህ አኃዝ በመሆኑ፣ ስሕተቱ የሚታየው በቅድሚያ በአዳዲሶቹ የዳርቻ መንደሮች ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ይደነግጋል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም እንዲካሄድ ታቅዶ ተራዝሟል። በ2011 ዓ.ም ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባቸው ለአንድ ዓመት ያራዘሙት ሲሆን፣ በ2012 ዓ.ም ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ ተከስቷል። ከዚያም ወዲህ አልተካሄደም።

በ1999 ዓ.ም በልደታ የተቆጠረ ሕፃን ዛሬ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ደርሷል። አድራሻው ግን በመዝገብ ላይ ያለው ገና በእናቱ ቤት ነው፤ ቤቱ ምናልባት ፈርሶ ይሆናል።